የግራር ስም ተቀይሯል ተብዬ ቅጼ ተመለሰብኝ፤ ማን ነው የቀየረው?

ችግኝ ጠባቂው

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዊ ውስጥ፣ እንጅባራ አካባቢ፣ አንድ የችግኝ ጣቢያ ላይ ፎርማን ነኝ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ነኝ፤ ዘር ስነክር፣ ፕላስቲክ ሳስሞላ፣ ችግኝ ስቆጥር ጸጉሬ ሸበተ። ትምህርቴ አስረኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የላቲን ስሞቹን ግን አብዛኛዎቹን በቃሌ እወጣቸዋለሁ፣ ምክንያቱም በየመደቡ ራስ ላይ ታፔላ አለ፤ የአማርኛ ስም፣ የላቲን ስም፣ የተዘራበት ቀን፣ የችግኝ ብዛት። እሱን በነጭ ቀለምና በቀጭን ብሩሽ የምጽፈው እኔ ነኝ። ዝናብ ሲያጥበው ደግሞ እንደገና።

ሰሞኑን የሆነው እንዲህ ነው። ለቦረቦር መሬት የሚሆን ባዝራ ግራር አፍሉ ተባልን። ቅጹን «አካሺያ አቢሲኒካ፣ 20 ሺህ» ብዬ ሞልቼ ላክሁ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። በቀይ እስክርቢቶ «ይህ ስም አሁን የለም፤ ታርሞ ይቅረብ» ተብሎበታል። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ በትህትና «ጋሼ፣ አሁን ቫቼሊያ ነው የሚባለው» አለኝ። ለምን ብለው «ኢንተርኔት ላይ እንደዚያ ነው የሚለው» አለ።

እሺ ይሁን። ግን ከእኛ አጠገብ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ብትሄዱ አገሩ ሁሉ ዲከረንስ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይተክለዋል፣ አራት አምስት ዓመት ያቆየውና ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ዛፍ ነው። ልጁን «ዲከረንስስ ምን ተባለ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እሱማ አካሺያ ዲከረንስ ነው ጋሼ፣ አልተነካም» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። እንግዳው ስሙን ይዞ ይቀመጥና የአገሩ ልጅ ግራር ስሙን ይነጠቅ? ይኼን የሚወስነው ማን ነው? ደግሞስ አስራ ምናምን ዓመት የጻፍኳቸውን ታፔላዎችና መዝገቦች ሁሉ ልፋቅ? የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ኬሚስትሪ በቃኝ

ጋሼ አይናደዱ፣ የጠየቁዎትን ስም ጽፈው ይላኩላቸው። ስም ነው፤ ችግኙ እንደሆነ ያው ነው። ቀይ ቀበሮን አያዩም? ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ በ1840 እ.ኤ.አ. በስሜን ስም «ካኒስ ሲመንሲስ» ብሎ መዘገበው። ፈረንጆቹ በራሳቸው ቋንቋ አንዴ ቀበሮ፣ አንዴ ጃካል ሲሉት ኖረው ዘረመሉ ሲታይ ለተኩላ ይቀርባል ብለው አሁን «የኢትዮጵያ ተኩላ» ይሉታል። እኛ ዛሬም ቀይ ቀበሮ ነው የምንለው፤ እሱም ባሌ ላይ አይጡን እያደነ ይኖራል።

ደረቅ ቅጠል

ወንድሜ ችግኝ ጠባቂው፣ ንዴትህ ይገባኛል። «ስም ነው» ብሎ ማለፉ ደግሞ አልጣመኝም። የቀይ ቀበሮ የላቲን ስሙ ከ1840 ጀምሮ ያው ነው፤ የተለዋወጠው የሰፈር ስሙ ነው። ያንተ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሄርባሪየም ውስጥ የደረቀ ተክል ወረቀት ላይ ስሰፋና ስለጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፕሮፌሰር አይደለሁም፣ እጄ ግን ብዙ ግራር ነክቷል፣ ብዙ ግራርም ወግቶታል።

የላቲን ስም ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው የወገኑ ነው፣ በትምህርት ቤት ጂነስ የሚሉት፤ ሁለተኛው የዝርያው። ይህን ልማድ ያጸናው ስዊድናዊው ሊኒየስ ነው፣ የዕፅዋት ስም ቆጠራም የሚጀምረው እሱ በ1753 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። እኛ የራስን ስም አስቀድመን የአባትን እናስከትላለን፤ እዚያ የቤቱ ስም ይቀድምና የልጁ ይከተላል። እንግዲህ ያንተ ዛፍ «አቢሲኒካ» የሚለው የራሱ ስም አልተነካበትም። የተለወጠው የቤቱ ስም ነው።

ለምን ተለወጠ? አካሺያ የሚባለው ወገን ከልክ በላይ የታጨቀ ጆንያ ነበር። ከ1,300 በላይ ዝርያ ነበረበት፣ ከዚያ ውስጥ 1,000 የሚጠጋው የአውስትራሊያ ነው። ሁሉንም አንድ ጆንያ ያስገባቸው አበባቸው ነው፤ ቅጠሉን የማታየው፣ ክሩ ብቻ እንደ ብናኝ ጥጥ የቆመ አበባ። ኋላ ግን ሊቃውንቱ ዘሩን፣ እሾሁን፣ በመጨረሻም ዘረመሉን ሲመረምሩ የአንድ ቤት ልጆች እንዳልሆኑ ታወቀ። የሚገርምህን ልንገርህ? ያ የናቅኸው ዲከረንስ ከባዝራ ግራር ይልቅ የሚዛመደው ሰሳ ከሚባለው ዛፍ ጋር ነው። ለቡና ጥላ ከሚሆነው ጋር! ስለዚህ ጆንያው መፈታቱ ልክ ነበር፤ እኔ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ጠቡ የመጣው ጆንያው ከተፈታ በኋላ ነው። አካሺያ የሚለው ስም ለማን ይድረስ? ለዚህ ሕግ አለ። እያንዳንዱ የወገን ስም በአንድ ዝርያ ላይ እንደ ካስማ ተመትቶ ነው የሚቆመው። ድንኳኑ ቢቀደድ ቢሰፋ፣ ስሙ ካስማው ያለበት ወገን ጋር ይቀራል። የአካሺያ ካስማ ደግሞ በዓባይ ስም «ኒሎቲካ» የተባለው የአፍሪካ ግራር ነበር። በሕጉ ከሄድን ስሙ እኛ ጋ ይቀራል፣ የአውስትራሊያዎቹ ወጥተው «ራኮስፐርማ» ይባላሉ።

በ2003 (እ.ኤ.አ. ነው፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያው) ኦርቻርድና ማስሊን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ከአውስትራሊያ ሐሳብ አቀረቡ። ካስማው ይነቀልና «ፔኒነርቪስ» በሚባል የአውስትራሊያ ዝርያ ላይ ይመታ፤ አለዚያ 1,000 ስም እንቀይራለን፣ የአፍሪካ ይቀየር ቢባል ግን ጥቂት ነው አሉ። በ2005 ቪየና ላይ የዓለም ዕፅዋት ተመራማሪዎች ጉባኤ ተቀመጠ። ኮሚቴው ሐሳቡን አስቀድሞ ደግፎት ስለነበር፣ ያንን ለመጣል 60 ከመቶ ድምጽ ያስፈልጋል ተባለ። ሲቆጠር 54.9 ከመቶው ተቃውሟል። ከግማሽ በላይ ተቃውሞም አለፈ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ተጨቃጨቁበትና በ2011 እንደገና ጉባኤ ሲቀመጥ ውሳኔው ጸና። ያ ጉባኤ የተቀመጠው ደግሞ ሜልቦርን ነበር፤ አውስትራሊያ።

እና የእኛ ግራሮች ለሁለት ተከፈሉ፤ ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ። ሴኔጋሊያ ከአገሩ ስም ነው፣ ሙጫ የሚሰጠው ዛፍ እዚያ ውስጥ ነው። ቫቼሊያ ደግሞ ቫቼል በሚባል፣ ማካው ላይ ለእንግሊዞች ቄስ ሆኖ ባገለገለ ተክል ሰብሳቢ ስም የወጣ ነው። ሰውየው እንጅባራን በካርታም አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ለአንተ ሥራ የሚጠቅመው ይኼኛው ነው፤ ላቲን ሳታነብ በጣትህ ልትለያቸው ትችላለህ። ቅርንጫፉን ያዝና ቅጠሉ ከእንጨቱ የሚወጣበትን ቦታ እይ። እዚያ ላይ ሁለት ቀጥ ያለ እሾህ ግራና ቀኝ ከወጣ ቫቼሊያ ነው፤ አበባውም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ኳስ ክብ ነው። እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር ቆልመም ብሎ ልብስህን ከያዘ፣ አበባውም እንደ ጭራ ረዘም ካለ ሴኔጋሊያ ነው። ምንም እሾህ ከሌለው የአውስትራሊያው ነው። ዲከረንስን ለይተህ ማወቅ ከፈለግህ ለጋውን ቅርንጫፍ በአውራ ጣትህ ወደ ታች ዳብሰው፤ ከቅጠሉ ሥር ተነስቶ እንጨቱን ይዞ የሚወርድ ጠርዝ ጠርዝ ነገር ይነካሃል። «ዲከረንስ» ማለትም በላቲን ወደ ታች የሚወርድ ማለት ነው። ስሙ የተጻፈው እንጨቱ ላይ ነው ልልህ ነው።

ችግኝ ጠባቂው

ወንድሜ ደረቅ ቅጠል፣ እግዜር ይስጥልኝ። መልስህን ለሠራተኞቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንዷ ልጅ ሮጣ ሄዳ ከአጥሩ ሥር የዲከረንስ ቅርንጫፍ አመጣችና ሁላችንም በአውራ ጣታችን ዳበስነው። እውነትም ጠርዝ አለው! ስንት ሺህ ችግኝ በዚህ እጄ አሳልፌ አንድ ቀን ልብ ብዬ አላውቅም።

ንዴቴ ግን በረደ ልል አልችልም። 54.9 ከመቶ ተቃውሞ የሚያልፍ ነገር እኛ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ አይቼ አላውቅም።

ደግሞ አንዱን ጥያቄዬን አልመለስክልኝም፤ አሮጌዎቹን ታፔላዎች ምን ላድርጋቸው?

የላፍቶ ልጅ

እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ላፍቶ በኦሮምኛ ይኸው ግራር ነው፤ ክፍለ ከተማው የዛፍ ስም ነው የያዘው፣ ዛፉ ግን አሁን ሰፈሩ ውስጥ ተፈልጎም አይገኝ። ቪየና ላይ እጅ ያወጣ ሰው ይኼን ስም ሊነካው አይችልም፣ ጋሼ በዚህ ይጽናኑ።

ደረቅ ቅጠል ግን፣ ያ የእሾህ ሕግዎ ቀዳዳ አለው። የአያቴ አገር ቢሾፍቱ አካባቢ ነው። እዚያ ጤፍ ማሳ መሃል ገበሬው ሳይቆርጥ የሚተወው ገርቢ የሚባል ዛፍ አለ፤ አማርኛ ተናጋሪው እሱንም ግራር ይለዋል። እሾሁ ቀጥ ያለ፣ ጥንድ ነው። አበባው ግን እንደ ጭራ ነው፣ ኳስ አይደለም። ፍሬው ደግሞ ደርቆ የተጠቀለለ የብርቱካን ልጣጭ ነው የሚመስለው። ጠባዩም ከግራር ሁሉ ይለያል፤ ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በጋ ላይ ይለመልማል። ለዚህ ነው ገበሬው የሚወደው፣ ሰብሉ በሚያድግበት ወራት ጥላ አይጥልበትም። ይኼን በየትኛው ቤት ያስገቡታል?

በዚያውም አንድ ነገር ልጠይቅ። «አቢሲኒካ» የሚለውስ ለምን አይቀየርም? ማድሪድ ላይ በ2024 በተቀመጠው ጉባኤ «ካፍራ» የሚለውን ስም ለማንሳት ተወስኗል ሲባል ሰማሁ። የቤቱን ስም ከወሰዱብን የልጁን እንኳ «ኢትዮፒካ» ቢሉልን ምን ነበረበት?

ደረቅ ቅጠል

በመጀመሪያ፣ ችግኝ ጠባቂው፣ እኔ ሴት ነኝ። ወንድሜ ስትለኝ ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ እያነበበ ሲስቅ አመሸ።

የላፍቶ ልጅ፣ ያዝከኝ። ገርቢን ረስቼው ነው፣ ለዚያውም እኮ እሱ የምወደው ዛፍ ነው። ድሮ አካሺያ አልቢዳ ይባል ነበር። ሸቫሊየ የሚባል ፈረንሳዊ ገና በ1934 ለብቻው አውጥቶ ፋይደርቢያ የሚል ወገን ሠራለት፤ ከዚህ ሁሉ ጠብ በፊት መሆኑ ነው። ብቸኛ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወንድም የለውም። ስሙ ደግሞ ሴኔጋልን ይገዛ በነበረ ፋይደርብ በተባለ የፈረንሳይ ጄኔራል የወጣ ነው። ቄሱ ሲገርመን ጄኔራሉ መጣ! ስለዚህ ሕጌን አርሚያለሁ፤ ጥንድ ቀጥ ያለ እሾህ ሆኖ አበባው ጭራ ከሆነ፣ ክረምት ላይም ራቁቱን ከቆመ፣ ገርቢ ነው።

ስለ «ካፍራ» የሰማኸው እውነት ነው። ቃሉ በደቡብ አፍሪካ ጥቁርን መስደቢያ ነበር። ከ200 የሚበልጡ ዝርያዎች ይሸከሙት ነበር፣ አንድ ፊደሉ ወጥቶ «አፍራ» እንዲባል 351 ለ205 በሆነ ድምጽ አለፈ። ትርጉሙም ወደ አፍሪካ ዞረ። «አቢሲኒካ» ግን ስድብ ነው ብዬ አላስብም፣ የድሮ የአገር ስም ነው፤ ብዙዎች ባይስማሙኝም። ደግሞ መጀመሪያ የወጣ ስም ይቀድማል የሚል ሕግ ስላለ ደስ አላለኝም ተብሎ አይነሳም።

«ኢትዮፒካ» ስላልከው ደግሞ ተጠንቀቅ። የድሮ ሰዎች ኢትዮጵያ ሲሉ ብዙ ጊዜ መላውን ጥቁር አፍሪካ ነው። አበባ መሸጫ ውስጥ ያለውን ነጭ እንደ መለከት የተጠቀለለ አበባ፣ ካላ ሊሊ የሚሉትን ታውቀዋለህ? የላቲን ስሙ «ኢትዮፒካ» ነው፣ አገሩ ግን ደቡብ አፍሪካ! ቡናችን ደግሞ ከፋና አካባቢው በቅሎ «አረቢካ» ተባለ፣ ሊኒየስ ያወቀው በዓረብ በኩል በመጣው ወሬ ስለሆነ። በላቲን ስም አገር መፈለግ ያሳስታል።

ይልቅ የሚያስደስተኝ የራሳችን ቃል ሳይለወጥ የገባባቸው ናቸው። ጤፍ በላቲንም «ቴፍ» ነው። የኮረሪማ ዝርያ ስሙ «ኮሮሪማ»፣ የጭላዳ «ጌላዳ»፣ የዋልያ «ዋሊዬ»። እንሰትማ ይባስ ብሎ የወገኑን ስም ሆነ፣ «ኤንሴቴ»። እነዚህን ስለጥፍ አፌን ሞልቼ ነበር የማነባቸው።

አሁን ወደ ታፔላህ፣ ችግኝ ጠባቂው። ሄርባሪየም ውስጥ እንዴት እንደምንሠራ ልንገርህ። አንድ ናሙና ወረቀት ላይ ከተለጠፈ በኋላ ከታች በቀኝ በኩል መግለጫው ይለጠፋል፤ ማን ሰበሰበው፣ የት፣ በስንት ሜትር ከፍታ፣ መቼ፣ ስሙ ማን ይባላል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ አዋቂ መጥቶ «ይኼ እንዲህ አይደለም» ቢል የድሮውን ወረቀት አይነካም። አይሰርዝም፣ አይገነጥልም። ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ላይ አዲሱን ስም፣ የራሱን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ጽፎ ከጎኑ ይለጥፋል። አራትና አምስት ቁራጭ የተደረደረበት ናሙና አይቻለሁ። አንዱን ሳስታውስ እስካሁን ያስቀኛል፤ ሁለት ሊቃውንት በቁራጭ ወረቀት ተሰዳድበውበታል፣ በላቲን ስም ብቻ፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ሲመልስ፣ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ሰው የጻፈው ስም ተመልሶ መጣ።

ስለዚህ አትፋቅ። አሮጌውን ስም የምታስቀረው ለናፍቆት ብለህ አይደለም። የአገራችንን ዕፅዋት የሚዘረዝረው የኢትዮጵያ ፍሎራ መጽሐፍ ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 ነው ያለቀው፤ ግራሮቹ ያሉበት ሦስተኛው ቅጽ የታተመው በ1989 ነው። እዚያ ውስጥ ባዝራ ግራር አካሺያ ነው። ያንተ መዝገብም፣ የድሮ የደን ሪፖርቶችም እንደዚያው። ነገ አንድ ልጅ መጥቶ «ቫቼሊያ» ብሎ ቢፈልግ የአስራ ምናምን ዓመት ሥራህን አያገኘውም። ሁለቱን ጻፍ፤ «ቫቼሊያ አቢሲኒካ፣ ቀድሞ አካሺያ አቢሲኒካ»። ከሁለቱ በላይ ደግሞ ባዝራ ግራር፣ በትልቁ።

ቅጹ ላይ ሙሉውን የሚጠይቁህ ከሆነ ከስሙ በኋላ የሚመጣ ጅራት አለ፣ እሱንም አትፍራው። ለባዝራ ግራር በቅንፍ ውስጥ «ሆክስት. ኤክስ ቤንት.» ይልና ከቅንፉ ውጭ የሌሎች ሁለት ሰዎች ስም በአጭሩ ይከተላል። ሆክስቴተር ጀርመን አገር ተቀምጦ፣ ሺምፐር ከትግራይና ከስሜን የሚልክለትን ደረቅ ተክል እየፈታ ስም ያወጣ የነበረ ሰው ነው። ሺምፐር እዚሁ አገራችን ኖሮ አድዋ ላይ በ1878 የሞተው ነው። ቤንታም የሚባለው እንግሊዛዊ ደግሞ ሆክስቴተር ያወጣውን ስም በወጉ አሳተመው፤ «ኤክስ» ማለት ያ ነው። ቅንፍ ውስጥ የገቡት ዛፉ ሌላ ቤት ሳለ የሰየሙት በመሆናቸው ነው። ከቅንፉ ውጭ ያሉት በ2013 ወደ ቫቼሊያ ያዛወሩት ናቸው፣ ኪያላንጋሊልዋና ቦትራይት። አየህ፣ ጅራቱን ማንበብ ከቻልክ ዛፉ ከየትኛው ቤት ወጥቶ የት እንደገባ ማንም ሳይነግርህ ታውቃለህ።

ንብ አናቢ

ከዳንግላ ነኝ። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ሁሉንም «ግራር» ብሎ መጥራቱ ራሱ አስቸግሮኝ ያውቃል። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው «ግራር ያለበት ቦታ አለኝ፣ ቀፎ አምጣ» ብሎኝ በአህያ ጭኜ ሄድኩ። ስደርስ ዲከረንስ ነው፣ ለዚያውም ያ ዝገት የመሰለው በሽታ የመታው፣ ቅጠሉ ሁሉ ያበጠና የቀላ። ቀፎዬን ጭኜ ተመለስኩ። ሰውየው አልዋሸኝም እኮ፣ ለእሱ ግራር ነው። አባቴ ቢሆን ባዝራ የሚለውን ቃል ሳይጨምር አይናገርም ነበር።

ችግኝ ጠባቂው

እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስሙ «ደረቅ ቅጠል» ሲል ሽማግሌ መስሎኝ ነው። ለባለቤትዎም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

እንዳሉት አደረግሁ። ቅጹን ሁለቱን ስም ጽፌ፣ ጅራቱንም ጨምሬ ላክሁት። ልጁ ደውሎ «ጋሼ፣ ይኼ በቅንፍ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ። አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና «አልፏል» አለኝ። ከእኔ ጋር የነበሩት ልጆች ጭብጨባ አቀለጡት።

ንብ አናቢ የጻፈው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ዘሩ የመጣልን ቅጹ ከመመለሱ በፊት ነው። በጆንያ ነው የመጣው፣ ጆንያው ላይ በማርከር ተጽፏል፤ «አካሺያ» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ቃል መንገድ ላይ ዝናብ አጥቦታል። ሰማያዊ ጭረት ብቻ ነው የቀረው። እኔ ግራር ነው ያዘዝነው ብዬ፣ ቅጹንም አልጠበቅሁም፣ ወቅቱ እንዳያልፈኝ በፈላ ውሃ ነክሬ አሳድሬ መደብ ሰባት ላይ ዘራሁት። ጥሩ በቅሏል፤ እንዲያውም ፍጥነቱ ሲገርመኝ ነበር።

ትናንት ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ መደብ ሰባት ሄድኩ። ቁጭ አልኩና ከዳር ካለው ችግኝ ጀመርኩ። ቅጠሉ እንደ ግራር ደቃቅ ነው። ቅጠሉ የሚወጣበትን ቦታ አየሁ፣ እሾህ የለም። ለጋ ነው፣ ገና ይሆናል ብዬ የሚቀጥለውን አየሁ። የለም። መሃል ገብቼ ትልልቆቹን አየሁ። የለም። እንጨታቸው ገና እርሳስ አያክልም፤ በአውራ ጣቴ ቀስ ብዬ ከላይ ወደ ታች ዳበስኩት።

ጠርዝ አለው።

ያቺ ቅርንጫፍ አምጪዋ ልጅ ከኋላዬ ቆማ ታየኝ ነበር። «ጋሼ፣ ዲከረንስ ነው አይደል?» አለች። መልስ አልሰጠኋትም። ሌላ አስር ያህል ዳብሼ ተነሳሁ።

ስለዚህ አሁን ያለሁት እንዲህ ነው። በቅጹ ላይ 20 ሺህ ቫቼሊያ አቢሲኒካ አለ፣ ጅራቱ ከነቅንፉ። መደብ ሰባት ላይ ያለው የከሰል ዛፍ ነው። ያ በቀይ እስክርቢቶ የጻፈብኝ ሰው ይኼን ቢያውቅ ምን እንደሚል እንጃ፤ ዘር የላከውም እዚያው ያለ ክፍል ነው፣ እሱ ደግሞ አካሺያ ብሎ ሲጽፍ በአዲሱ ደንብ ከሆነ ልክ ነው። ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። የባዝራ ግራር ዘር የሚለቀምበት ደህና ዛፍ አጠገቡ ያለ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ለቅሞ የሚያመጣ ሰው እልካለሁ። ዛፉ ላይ ወጥቶ የሚለቅመው ልጅ እሾህ እንዳይፈራ እነግረዋለሁ፤ ጥንድና ቀጥ ያለ መሆኑን አይቶ ነው የሚለቅመው።

የመደብ ሰባትን ታፔላ ነቅዬ ቀለም ቤት አስገብቼዋለሁ። ብሩሹን አጥቤ ከጎኑ አስቀምጫለሁ።